አበልጄ ያነሳችን ፎቶ

ልጄ ሁለቱን ፎቶዎች መደቡ ላይ ጎን ለጎን ስታስቀምጣቸው ነው አደጋው የታየኝ። በአንደኛው ከክርስትና እናቷ ጋር ተቀምጣለች፤ ደብረ ማርቆስ፣ እሷ ቤት፣ መስኮት አጠገብ። ብርሃኑ ጉንጫቸው ላይ ወርዶ የልጄ ሹራብ ክር እንኳ ይቆጠራል። በሁለተኛው ያለሁት እኔ ነኝ፤ በመስቀል በዓል፣ ሮብ ገበያ በምትባለው ከተማችን፣ እዚሁ ቤቴ ውስጥ። ያነሳችኝ ልጄ ናት፣ የክርስትና እናቷ ባዋሰቻት በዚያው ካሜራ። የሚታየው ነጠላዬ ብቻ ነው። ፊቴ መሆን በነበረበት ቦታ የድስት ቂጥ የመሰለ ጥቁር ነገር አለ።

"እማዬ፣ አንቺ እኮ የለሽም" ብላ ሳቀች። ሳቋን ሳትጨርስ የክርስትና እናቷ ሥራ ወደ ባሕር ዳር መዛወሩን፣ ከፋሲካ በኋላ ይዣት ልሂድ ማለቷን ነገረችኝ።

ዘጠነኛ ክፍል ከገባች ጀምሮ የምትማረው እሷ ቤት ተቀምጣ ነው። ደብረ ማርቆስ ቅርብ ነው ብዬ ችዬው ነበር። ባሕር ዳር ግን ሌላ አገር ነው።

እኔ ፎቶውን እያየሁ ነበር። ልጄ የሴትዮዋ ትከሻ ላይ ተደግፋለች። እኔ ላይ እንዲያ ተደግፋ አታውቅም፤ ተደግፋም ከሆነ ያየልን የለም።

"ካሰብሽ ምን አደርጋለሁ፣ ሂጂ" አልኳት። ፈሪ ነኝ፤ የምፈራውን ነገር በገዛ አፌ ነው የምጠራው።

የመስቀሉን ፎቶ ያበላሸሁት እኔው ነኝ። ቤታችን መስኮት የለውም፣ ብርሃን የሚገባው በበሩ ነው። ልጄ ካሜራውን ስታወጣ ግን ሮጬ ዘጋሁት። ልጅ ከከተማ አምሮባት መጥታ በር ከፍቶ ማን ያስቀምጣታል? የሰው ዓይን አለ። በፀሐዩ ፈንታ ያለኝን ኩራዝና ጧፍ ሁሉ አበራሁና ቤቱ እንዲያምር ብዬ ከኋላዬ ደረደርኩት።

ልጄ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ያንን የሚያበራ የደብረ ማርቆሱን ፎቶ ጎታው ስር ሸጎጥኩት። ፈልጋ አጣችው።

"አይጥ ወስዶት ይሆናል" አልኩ።

"አይጥ ፎቶ ምን ይሠራለታል?"

"እኔ ምን አውቄ። የከተማ ሰው አምሮት ይሆናል።"

አልሳቀችም።

ለሆሳዕና ሳምንት ሲቀረው አበልጄ ራሷ ልጄን ይዛ በሚኒባስ መጣች። ልጄን ክርስትና ካነሳችልኝ ጀምሮ አበልጄ ነው የምላት። የራሷ ልጅ የላትም። ለልጄ ደብተሩንም ጫማውንም የምትገዛው እሷ ናት። ክፉ ሴት ብትሆን ይቀለኝ ነበር።

ለምን እንደመጣች አውቄያለሁ። እሷ ግን ነገሩን ከማንሳቷ በፊት "እስቲ እናትና ልጅ ላንሳችሁ" ብላ ካሜራዋን አወጣች። ኩራዜን ለኩሼ ከኋላ አስቀመጥኩና በሩን ልዘጋ ተነሳሁ።

"ተይው፣ ክፍት ይሁን አበልጄ።"

"ሰው ያያል።"

"ቡዳ ከመጣ እኔን ይብላ፤ ከሦስታችን ሥጋ ያለኝ እኔ ነኝ።"

ልጄ ከት ብላ ሳቀች። በሳቋም ቀናሁ።

"ኩራዙንም አጥፊው" አለች አበልጄ። "ከኋላ ያለ ብርሃን ለራሱ ነው የሚያበራው።" ፊታችንን ወደ በሩ አድርጋ፣ ፀሐዩ መሬቱን ከነካበት አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ አስቀመጠችን። ጋቢዬን አንስታ በጨለማው ወገን ግድግዳው ላይ ሰቀለችው። ነጭ ነገር ብርሃን ይመልሳል አለች። ዞር ብዬ ባይ እውነቷን ነው፤ ጠቁሮ የነበረው የልጄ ጉንጭ ፈካ። ቤቴ ይህን ያህል ብርሃን እንዳለው የነገረችኝ እሷ መሆኗ አንገበገበኝ።

ካሜራውን የተደፋ ሙቀጫ ላይ አስቀምጣ ተንበረከከች። "ቤቱ ጨለም ስላለ ካሜራው ዓይኑን ቆይቶ ነው የሚከድነው። እስኪከድን እንዳትንቀሳቀሱ፣ ትንፋሽም እንዳታወጡ።"

ሁላችንም ዝም አልን። በዚያ ዝምታ ውስጥ አፌ ሳላዘው "አትሂጂብኝ" አለ።

ልጄ ዞር አለች። ካሜራው ቀጭ አለ።

"ይቺ ተበላሸች" አለች አበልጄ።

"እስከዛሬ ለምን አላልሽኝም?" አለችኝ ልጄ። "እኔ እኮ የምትፈልጊኝ አልመሰለኝም። ሂጂ ነው ያልሽኝ።"

"ፈርቼ ነው።"

ከዚህ በኋላ ምን እደብቃለሁ? ጎታው ስር ገብቼ ፎቶውን አወጣሁና አበልጄ እያየች ለልጄ ሰጠኋት። ልጄ አቧራውን በቀሚሷ ጠረገች። "አይጡ ሳይበላው ቀርቷል" አለች።

አበልጄ ሁሉም ገባት። "ታዲያ ምን ትያለሽ፣ ልጄ?" አለቻት።

"ደብረ ማርቆስ እቀራለሁ። ከጓደኞቼ ጋር ቤት እንከራያለን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ እመጣለሁ።"

አበልጄ አቀርቅራ ካሜራውን መነካካት ጀመረች። ዓይኗ እንባ ሲያቀርር አየሁ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ቆይታ ግን "በሉ ወደ ቦታችሁ፣ ፀሐዩ ሳይዞር" አለችና እንደገና ተንበረከከች። ያን ጊዜ አፈርኩ።

ከፋሲካ በኋላ አበልጄ ለብቻዋ ባሕር ዳር ሄደች። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ መንገድ ዳር ቆሜ ልጄን ከሚኒባስ ስትወርድ ተቀበልኳት። ልጄን የሚወስድብኝ የለም። ፍርሃቴ አለፈ።