ግዝት የተጻፈበት ፎቶ

ፎቶ የማንም አይደለም እያልኩ ለዓመታት ስከራከር ኖሬአለሁ። ብርሃኑ የፀሐይ፣ መልኩ የተነሺው፣ ስልኩ የቻይና ነው፤ አንሺው የጨመረው ነገር ቢኖር አውራ ጣቱን ብቻ ነው እል ነበር። ንፋስ መውጫ ውስጥ ይህን ንግግሬን ያልሰማ ሻይ ቤት የለም። በሰው ንብረት ላይ ፈላስፋ መሆን ቀላል ነው። አቋሜ የተናጋው የራሴ ፎቶ የተሰረቀ ጊዜ ነው።

ፎቶው የአንድ ሽማግሌ ነበር። በጥር ወር ወደ ወገዳ ስሄድ የሚኒባሳችን ጎማ ፈነዳና ቆምን። ከመንገዱ ዳር፣ አውድማ ላይ፣ ሽማግሌው ገብሱን በመንሽ ወደ ላይ እየበተኑ ያዘራሉ። ነፋሱ ገለባውን ወደ ፀሐይ ሲወስደው የወርቅ ጉም ውስጥ የቆሙ መሰሉ። ላንሳዎት ወይ ብዬ ብጠይቃቸው “አንሳ፤ ከኔ ምን ይጎድላል” አሉና ሥራቸውን ቀጠሉ። ጎማው ተቀየረ፤ ሄድን። በማግሥቱ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ዱቄት ፋብሪካ በቀን መቁጠሪያው ላይ አወጣቸው። የበዓል መልካም ምኞት የሚያድል አንድ ገጽ ጽጌረዳ ነሰነሰባቸው። ሌላው ደግሞ “ታታሪው የጎጃም ገበሬ” ብሎ አባይን አሻገራቸው። ከሁሉም ያንገበገበኝ ይሄኛው ነው ብል ደስ ባለኝ። እውነቱን ለመናገር ግን ያንገበገበኝ ከሦስቱም ላይ የኔ ስም አለመኖሩ ነው።

ፎቶ ቤት ያለው ወዳጄ ዘንድ ሄድኩ። ሙስሊም ነጋዴ ነው፤ ጉርድ ፎቶ ያነሳል፣ ባነር ያትማል፣ ምክር ግን በነፃ ይሰጣል። ዋተርማርክ የሚሉትን ነገር፣ ማለትም ፎቶው ላይ የባለቤቱን ስም ማተምን፣ እሱ ነው ያስተማረኝ። ስሜን ጥግ ላይ አስቀመጥነው፤ ጥግ ደግሞ የሚቆረጥ ነገር ነው። መሃል ላይ አደረግነው፤ ሽማግሌው ስሜን እንደ መኪና ታርጋ ደረታቸው ላይ ለጥፈው የሚያዘሩ መሰሉ።

“አሁን ማንም አይሰርቀውም” አለ ወዳጄ። “ማንም አያየውማ።”

አደበዘዝነው፤ ስሜ ሸሚዛቸው ላይ የደረቀ ላብ መሰለ። አንድ ወር ሙሉ ራሴን ከጉልበታቸው ወደ ሰማዩ፣ ከሰማዩ ወደ ገለባው ክምር ሳዛውር ከረምኩ።

በመጨረሻ ነገሩን እኛው አገር ባለው ቤተ ልሔም ደብር ድጓ ለሚያስተምሩ አንድ የኔታ አጫወትኳቸው። አልፎ አልፎ እየሄድኩ የምሟገታቸው ሰው ናቸው። የኔታ ስቀው ሲያበቁ አንድ ብራና አወጡና የመጨረሻውን ቅጠል አሳዩኝ። “ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ ውጉዘ ይኩን” ይላል፤ የሰረቀውም የፋቀውም የተወገዘ ይሁን እንደ ማለት ነው። ከግዝቱ በላይ የመጽሐፉ ባለቤት ስም አለ። ጠጋ ብዬ ሳየው ስሙ ሁለት ጊዜ ተፍቆ ሌላ ተጽፎበታል።

“የኔታ፣ ታዲያ ግዝቱ ምን ሠራ?” አልኳቸው።

“መጽሐፉ ይኸው እዚህ ነዋ” አሉኝ።

በዚህ መልስ መሸነፍ አልነበረብኝም፤ ተሸነፍኩ። ከፎቶው ግርጌ ስሜን፣ ከስሜ ሥር ያንን ግዝት ጽፌ እንደገና ለጠፍኩት። በመጀመሪያው ቀን ያየው ሁሉ “አሜን” ብሎ ጻፈበት። ፌስቡክ ላይ ግእዝ አይቶ አሜን የማይል ሰው የለንም። በሦስተኛው ቀን አንድ ዲያቆን ትርጉሙን አስቀመጠ፤ ከዚያ በኋላ ጸጥ አለ። ከእስቴ እስከ ስማዳ ፎቶውን አጋርቶ የነበረ ሁሉ ከገጹ ላይ አነሳው። አንዲት ዘመዴ ሳታውቅ እንዳደረገችው ደውላ ነገረችኝና እንዳላዝንባት ለመነችኝ። ዱቄት ፋብሪካው፣ ባለ ጽጌረዳውና ባለ ጎጃሙ ግን ያው የድሮውን ቅጂ ይዘው ቀጠሉ፤ አራተኛ ሌባ እንኳ ተጨመረ፤ እሱ ደግሞ ግርጌውን ሁለት ጣት ያህል ቆርጦ ጣለና ወሰደው። ግዝቴ የያዘው ሊሰርቁኝ ያላሰቡትን ብቻ ነበር። አጥርም ቢሆን የሚመልሰው ጨዋውን ነው።

ዓመት አለፈ። አንድ የገበያ ቀን ወዳጄ ደወለና ቶሎ ና አለኝ። ስደርስ ከል የለበሰች፣ አርባ ዓመት ገደማ የምትሆን ሴት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። የሽማግሌው ልጅ ናት። አባቷ አርፈዋል፤ ተዝካራቸው በሳምንቱ ነው። በዕድሜያቸው ሌላ ፎቶ ተነስተው አያውቁም። እሷም የኔን ፎቶ ከወንድሟ ልጅ ስልክ ላይ አግኝታ፣ ትልቅ አሳትማ በፍሬም ልታደርገው ከወገዳ ድረስ ያንን መንገድ ስትናጥ መጥታለች። ወዳጄ ግርጌውን ሲያይ አላትምም ብሏታል።

“ግዝቱ የናንተ ነው፤ እኔን አይዘኝም” አለኝ። “ግን በሰው ግዝት እጄን አላስገባም። ያሰረ ይፍታ።”

እኔም ለሴትዮዋ እኔ ቄስ እንዳልሆንኩ፣ ነገሩ ሌባ ለማስፈራራት የተጻፈ ቀልድ እንደሆነ አስረዳኋት።

“ጋሼ፣ በግዝት ይቀለዳል እንዴ?” አለችኝ፤ ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

ስልኬን አውጥቼ ምንም ያልተጻፈበትን ዋናውን ፎቶ ከፈትኩና ሰጠኋት። ረጅም ጊዜ አየችው። አይታ ስትጨርስ ግን ያልጠበቅሁትን ጠየቀችኝ። ግዝቱ ባይነሳስ?

ነገሩ ወዲህ ነው። ታላቅ ወንድሟ የአባታቸው የሆነውን ሁሉ የኔ ነው የሚል ሰው ነው። በሬዎቹን ወስዷል፤ መንሹንም ሳይቀር ወስዷል። ከተዝካሩ ማግሥት ፎቶውን ከግድግዳዋ አውርዶ እንደሚሄድ አልተጠራጠረችም። ወዳጄ ሁለት ላትምልሽ፣ አንዱን ለሱ ስጪው አላት።

“ሁለት ቢሆን ሁለቱንም ይወስዳል” አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። “ግዝቱን ይተዉልኝ። የርስዎን ስም ብቻ ያንሱና የአባቴን ያስገቡልኝ።”

“የአባትሽ ስም ማን ነበር?” አልኳት።

ወዳጄ ወደ ኮምፒውተሩ ዞሮ የሌለ ሥራ መሥራት ጀመረ። ስሜን የት ላስቀምጥ እያልኩ ወር ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ የሰውዬውን ስም ጠይቄ አላውቅም ነበር። መጀመሪያ የክርስትና ስማቸውን፣ ቀጥሎ የዓለሙን ነገረችኝ። ቀስ እያለች፣ ፊደል እንዳልስት ሁለት ሁለት ጊዜ። ጻፍኩት።

ለተዝካሩ ጠርታኝ ሄድኩ። ፎቶው ከበሩ ፊት ለፊት፣ ካህናቱ ከተቀመጡበት በላይ ተሰቅሏል። ወንድሟን ለማወቅ የሚያሳየኝ ሰው አላስፈለገኝም፤ ቤቱ ውስጥ ያለውን ዕቃ በዓይኑ እየለቀመ የገባው እሱ ነው። ዲቁና ጀምሮ የተወ ነው አሉ፤ ግእዙ ግን አልጠፋውም። ከፎቶው ሥር ቆሞ፣ በትሩን ተደግፎ ግዝቱን አነበበው። እንደገና አነበበው። እህቱ ጠላ እየቀዳች ነበር፤ ቀና ብላ አላየችውም።

በመጨረሻ ከአጠገቡ የተቀመጥኩት እኔ ስለሆንኩ ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

“ይሄን የጻፈው ማነው?”

“እኔ እንጃ” አልኩት። “የድሮ ጽሑፍ ነው መሰለኝ።”