ልጆቼ የተከሉት ድንኳን

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት፣ በነሐሴ ወር፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ከዚያ ዓመት ብዙ ነገር ከአእምሮዬ ጠፍቷል። ፋሲካ እንዴት እንዳለፈ፣ ማን መጥቶ እንደጠየቀኝ፣ ምን እንደበላሁ ብትጠይቁኝ አላውቅም። ያችን ቅዳሜ ግን ከነሙቀቷ አስታውሳታለሁ።

ድሬዳዋ ተወልጄ ያደግሁ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነኝ። ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነበር። ሚያዝያ ላይ ጭነት ይዞ ሲመለስ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። ልጄ ፌቨን ሰባት ዓመቷ ነበር፣ ወንድሟ ናቲ አራት።

አደጋው የደረሰው ከሰዓት በኋላ ነው። ወሬውን መጀመሪያ የሰሙት የእሱ ቤተሰቦች ናቸው። መርዶ ደግሞ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚነገረው፤ ስለዚህ ያን ዕለት እኔ ምንም ሳላውቅ ዋልኩ፣ ምንም ሳላውቅ አመሸሁ። የባለቤቴ እህት አልማዝ መጥታ፣ «ልጆቹ ዛሬ እኛ ጋ ይደሩ፣ ከልጆቼ ጋር ይጫወቱ» ብላ ሳቢያን ሰፈር ወዳለው ቤቷ ይዛቸው ሄደች። እኔም ዛሬስ አረፍኩ ብዬ ደስ አለኝ። ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት የዕድራችን ሽማግሌዎችና ጎረቤቶቼ ነጠላቸውን ለብሰው ቆመዋል። ያን ያህል ሰው በዚያ ሰዓት በር ላይ ከቆመ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ደነዘዝኩ። ጥርስ ለመንቀል ማደንዘዣ የተወጋ ሰው ያውቀዋል፤ ከንፈሩ እንዳለ ያውቃል፣ በእጁ ይነካዋል፣ ግን አይሰማውም። እኔ ደግሞ ሁለመናዬ እንደዚያ ሆነ። ለቅሶው ላይ አላለቀስኩም። አንዷ «አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» ትለኛለች፤ ሌላዋ ከኋላዬ «ምን ዓይነት ልብ ነው ያላት!» ስትል ሰማኋት። አልተቀየምኳትም። እኔም ራሴን የምጠይቀው ያንኑ ነበር።

ልጆቹ የተመለሱት ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ነው። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ ጋሽ ተፈራ፣ «እነዚህ ሕፃናት ናቸው፣ አሁን አይነገራቸው። ከፍ ሲሉ ይደርሳል። ጅቡቲ ሥራ በዝቶበት ነው በያቸው» አሉኝ። እሺ አልኩ። በዚያ ሰሞን ምንም ብባል እሺ ነበር መልሴ። ፌቨን ለምን ጥቁር እንደለበስኩ ስትጠይቅ፣ ሐረር ያለችው አክስቴ ሞታ ነው ተባለች። ሐረር አክስት የለችኝም። ልጅቷ የሟቿን ስም እንኳ አልጠየቀችም፤ ያኔ ሊገርመኝ ይገባ ነበር።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሦስታችን ቤት ዋልን። ለሰው ልጅ የማስተምረውን የእጅ ሥራ ለራሴ ልጆች አመጣሁት። ከካርቶን ማራገቢያ ሠራን። ከአሮጌ ካልሲ አሻንጉሊት ሰፋን፤ ፌቨን በእስክሪብቶ ዓይንና አፍ ሳለችላቸው። ለናቲ ከባዶ የውሃ ፕላስቲክና ከቆርኪ የጭነት መኪና ሠራሁለት። ቀኑን ሙሉ ግቢው ውስጥ እየገፋ፣ «ጅቡቲ ሄጄ መጣሁ» ይላል። እኔም «እንኳን ደህና መጣህ» እለዋለሁ። እጄ ይሠራ ነበር፣ አፌም ይመልስ ነበር፤ ሌላው ነገሬ የት እንደነበረ አላውቅም።

ፀሐይ በረድ ሲል ልጆችን እናወጣቸዋለን የሚባለው ሽርሽር የእኛ እንዲህ ነበር፦ በእግራችን እስከ ደቻቱ ድልድይ፣ ውሃ ካለ ውሃውን፣ ከሌለ አሸዋውን አይተን፣ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ስር መመለስ። ሲመሽ አንድ ሙሸበክ፣ ያን የድሬ ጣፋጭ፣ ገዝተን ለሦስት እንካፈላለን። የጭነት መኪኖች በሚቆሙበት በኩል አላሳልፋቸውም ነበር። ናቲ ሁልጊዜ በዚያ በኩል ካልሄድን ብሎ ያለቅሳል። ፌቨን ናት እጁን ይዛ፣ «ተው፣ በዚህ በኩል ይሻላል» የምትለው።

አንዳንዴ ብስኩት ገዝቼ፣ «አባዬ ከጅቡቲ ላከላችሁ» እላለሁ። ናቲ አፉን ሞልቶ ይበላል። ፌቨን ግን የድርሻዋን መልሳ እጄ ላይ ታስቀምጥልኛለች። «አንቺ ብዪው እማዬ» ትላለች። ጨዋ ልጅ ነች፣ አባቷ ናፍቋት ነው ብዬ አልፈዋለሁ።

ወደ ቅዳሜዋ ልመለስ። ምሳ በልተን እንደ ሁሉም የድሬ ሰው ጋደም አልኩ። በቀትር ሙቀት ከተማው ይተኛል፤ ልጅ ብቻ ነው የማይተኛው። ስነሳ ግቢው ጭር ብሏል። ወደ በሩ ስሄድ ከአጥራችን ውጭ፣ ከኒም ዛፉ ስር፣ ድንኳን ተተክሏል።

የባለቤቴ የጭነት ሸራ ቁራጭ ግቢ ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀመጥ ነበር፤ ያ ሰማያዊው። እሱን አውጥተው አንዱን ጎን ከአጥሩ፣ ሌላውን ከዛፉ ጋር በሲባጎ አስረውታል። መሐሉን የመጥረጊያ እንጨት ደግፎታል። ውስጡ የወጥ ቤት በርጩማዎቼ በግራና በቀኝ ተደርድረዋል፤ ላያቸው ላይ የካልሲ አሻንጉሊቶቹ ተቀምጠዋል። ለአንዷ አሻንጉሊት ከፌስታል ነጠላ ተሠርቶላታል። ፊት ለፊት፣ ካርቶን ላይ፣ የናቲ መኪና ለብቻው ቆሟል።

«ምን ቤት ነው?» አልኳቸው።

«ለቅሶ ቤት» አለች ፌቨን፣ ሲባጎውን እያጠበቀች።

«የማን ለቅሶ?»

«የሰው።»

ልጅ ያየውን ይጫወታል፤ ለወላጆች ስብሰባ በየዓመቱ የምናገረው ነው። እነዚህ ልጆች ግን ለቅሶ ቤት ገብተው እንደማያውቁ፣ እንዳያዩ ብለን ሳቢያን እንዳቆየናቸው ትዝ አላለኝም። ድንኳኑ ወደ አንድ ጎን ተንጋዷል። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም አልኩ በሆዴ። የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጬ በካርቶን ማራገቢያዬ ፊቴን ማራገብ ጀመርኩ።

በዚህ መሐል አንዲት ሴት በመንገዱ መጣች። እድሜዋ ከእናቴ አያንስም። ባዶ የወተት ጀሪካኖች በገመድ አስራ በትከሻዋ አንጠልጥላለች፣ በእጇ የተሞላ ፌስታል ይዛለች። ከቀፊራ ገበያ ወደ መኪና መሳፈሪያው የምትሄድ የገጠር ሰው እንደሆነች ያስታውቃል። ሸራውን አየች። ቀጥላ በሩ ላይ ጥቁር ለብሼ የተቀመጥኩትን እኔን አየች። ቆመች። ጀሪካኖቹን አወረደች፣ ሻሿን አስተካከለች፣ መጥታ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠችና ሁለት እጄን ያዘች።

«አብሽሪ እህቴ። ረቢ ሰብሪ ሲፍ ሃ ኬኑ፤ እሱ ትዕግሥቱን ይስጥሽ» አለችኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ። አልገረመኝም። ሳይሰማ የቆየ ሰው ከወራት በኋላም ለቅሶ ይደርሳል። ባለቤቴን በመንገድ የምታውቀው መሰለኝ። እጆቿ ጭስ ጭስ፣ ወተት ወተት ይሸታሉ።

እጄን ሳትለቅ፣ «ወላሂ ሸራ አይቼ ማለፍ አቃተኝ። ከጀልዴሳ ነኝ። ማን ነው የሞተብሽ?» አለች።

ያኔ ነው የገባኝ። የልጆቹን ድንኳን የእውነት መስሏት ነው። ልጆቹ እየሰሙ ነው። አክስቴ ልል አፌን ከፈትኩ።

ፌቨን ቀደመችኝ። ሮጣ መጥታ የሴትዮዋን ክንድ ይዛ ወደ ድንኳኑ ጎተተቻት። በሹክሹክታ ነበር የምታወራው፤ የልጅ ሹክሹክታ ደግሞ ግድግዳ አያግደውም።

«አባታችን ነው የሞተው። ቀስ በይ፣ እማዬ ገና መርዶ አልተነገራትም።»

«አቦ! እንዴት አልተነገራትም?» አለች ሴትዮዋ።

«ማንም አልነገራትም። ጅቡቲ ያለ ይመስላታል። ብስኩት የላከ ይመስላታል።» ወደ አሻንጉሊቶቹ አሳየቻት። «መርዶ ሰው ሳይሰበሰብ አይነገርም አይደል? እኔ እነዚህን ሰብስቤ ልነግራት ነበር። ግን ፈራሁ። አንቺ ትልቅ ሰው ነሽ፣ አንቺ ንገሪያት።»

ማራገቢያው ከእጄ ወደቀ። አውቃለሁ ማለት ነበረብኝ፤ ልጄ፣ እኔ እኮ አውቃለሁ።

ሴትዮዋ ዞራ ረጅም ጊዜ አየችኝ። ጥቁር ልብሴን አየች፣ ፊቴን አየች፣ ልጆቹን አየች። ነገሩ ገብቷት ይሁን፣ ወይስ በእውነት ያልተነገራት ሴት አገኘሁ ብላ ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ከድንኳኑ ወጥታ መጣች። ፌቨንን በግራዬ፣ ናቲን በቀኜ አስቀመጠች። «ያዣት ኢንተላ ቲያ፤ እንዳትወድቅ አጥብቀሽ ያዣት ልጄ» አለቻት። ፌቨን በሁለት እጇ ክንዴን ጨመደደችው። ናቲም እሷን አይቶ ቀሚሴን ያዘ።

«ስሚ እህቴ» አለች ሴትዮዋ። «ባልሽ ሞቷል። ተመልሶ አይመጣም። አላህ ሰጠሽ፣ አላህ ወሰደ። ልጆችሽ ደግሞ ይኸው አሉ። አብሽሪ።»

ከዚህ በፊት የነገሩኝ ሽማግሌዎች ብዙ ቃል ነበራቸው። የእሷ ይኸው ነው። ፌቨን አንገቷን ወደ ላይ ቀና አድርጋ ፊቴን ታያለች። ዓይኗን አልነቀለችም።

«ሰማሁ» አልኩ። ከዚያም ለልጆቼ ብዬው የማላውቀውን ቃል አልኩት፤ «አባታችሁ ሞቷል።»

ፌቨን አሁንም እያየችኝ፣ «አሁን እኔም ማልቀስ እችላለሁ?» አለች።

«አልቅሺ» አልኳት።

እንዴት እንዳለቀሰች አልጽፈውም። ናቲ እሷ ስላለቀሰች አለቀሰ። ሴትዮዋም አይታው የማታውቀውን ሰው በራሷ ቋንቋ አለቀሰችው። ጎረቤቶች ከየበሩ ብቅ አሉ። የእኔ እንባ አሁንም አልመጣም። ነገር ግን የፌቨን ጥፍር ክንዴ ውስጥ ገብቶ ነበርና አመመኝ። ከሚያዝያ ወዲህ የሆነ ነገር ሲያመኝ የመጀመሪያው ነው። እጄን አላስለቀቅኩም።

ሴትዮዋ መኪና እንዳያመልጣት ቸኮለች። ከፌስታሏ ጥቂት ማንጎ አውጥታ ድንኳኑ ውስጥ አስቀመጠች፤ ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይመጣም ብላ። ጀሪካኖቿን አንጠልጥላ ሄደች። ስሟን አልጠየቅኳትም። ያን ጊዜ የሚጠይቅ አእምሮ አልነበረኝም።

ማታ ሲረጋጉ ፌቨን ነገረችኝ። አልማዝ የወሰደቻቸው ዕለት ስለ አባቷ መሞት በስልክ ስታወራ ሰምታለች። «እናትየው ገና አታውቅም፤ ነገ ሰው ተሰብስቦ ይነገራታል» ስትል። ቤት ስትመለስ ግን እኔ አላለቅስም፤ «አባዬ ጅቡቲ ነው» እላለሁ። ጥቁር የለበስኩት ለአክስቴ ነው። እንግዲህ እናቴ ሳይነገራት ቀርቷል ብላ ደመደመች። አልቅሳ እንዳታስደነግጠኝ ይህን ሁሉ ወር እንባዋን ያዘች። ብስኩቱን የምትመልስልኝም፣ «አባዬ የላከው ስለሚመስልሽ» ብላ ነው። እኛ ከእሷ የምንደብቀውን እሷ ከእኔ ስትደብቅ ኖራለች።

ድንኳኑን አላፈረስኩትም። በማግስቱ ጎረቤቶች ምግብ ይዘው መጡና በሸራው ስር ከልጆቹ ጋር ተቀመጡ። ጋሽ ተፈራ ሰምተው ተቆጥተው መጡ። አንቱ የሚባሉ ትልቅ ሰው፣ ጉልበታቸው ከጆሯቸው እኩል ሆኖ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ፌቨን ፊት ለፊት የቆመውን የናቲን መኪና አሳይታ፣ «ፎቶ ስላልነበረን ነው» ስትላቸው ቁጣቸውን ረሱት። ልጅ ያቦካው ለእኛ ለሁላችንም በቃ።

አሁን ደህና ነኝ ለማለት አልደፍርም። ማደንዘዣ ሲለቅ መጀመሪያ የሚመጣው ሕመሙ ነው፤ እኔም እዚያ ላይ ነኝ። አንዳንድ ቀን ልብስ እያጠብኩ በድንገት አለቅሳለሁ፤ ፌቨን መጥታ ክንዴን ትይዛለች፣ እንዳልወድቅ። ቀፊራ በሄድኩ ቁጥር ወተት የሚሸጡትን ሴቶች አንድ በአንድ አያለሁ። ፊቷን በደንብ አልያዝኩትም። እጇን ብትሰጠኝ ግን በጠረኑ አውቃታለሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ አሁንም በእግራችን እንወጣለን። መኪኖቹ በሚቆሙበት በኩል ነው የምናልፈው፤ ናቲ ቆሞ እስኪበቃው ያያቸዋል።

ባልሽ መቼ ነው የሞተው ብለው ሲጠይቁኝ ሚያዝያ እላለሁ። መርዶው የደረሰኝ ግን ነሐሴ ላይ ነው።