ዳለቻ የጾመበት ሁዳዴ

ባለፈው ወር ለእረፍት ደብረ ማርቆስ እናቴ ቤት ስሄድ የእህቴ ልጅ ሕሊና ሶፋው ላይ ተጋድማ ስልኳን ስትጎረጉር አገኘኋት። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። አውሬ እያሳደገች ከማታውቃቸው ልጆች አውሬ ጋር በኢንተርኔት ታዋጋለች። ቀረብ ብዬ ባየው ጨዋታው የኔው ነው፤ ሥዕሉ አምሮ አውሬው በዝቶ መጣ እንጂ የልጅነቴ ጨዋታ ነው። «አክስቴ፣ ይሄ አንቺ አይገባሽም» አለችኝ ቀና እንኳ ሳትል። ደሜ ፈላ። ጓዳ ገባሁና ከእናቴ የቆርቆሮ ሳጥን ሥር፣ ከድሮ ደብተሮቼ መሀል፣ በጨርቅ የተጠቀለለ አሮጌ ስልኬን አወጣሁት። መስታወቱ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቋል፣ ጀርባው በፕላስተር ተይዟል። የሚሆነውን ቻርጀር ለማግኘት ቤቱን ሁሉ አተራመስኩት። ስልኩ ተሰክቶ ነፍስ እስኪዘራ ድረስ ለሕሊና የነገርኳት ታሪክ ይኼ ነው።

ልጅ እያለሁ፣ ሰባተኛ ክፍል ስማር፣ ታላቅ ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ይህን ስልክ ትቶልኝ ሄደ። ጨዋታውን የጫነልኝ ይበልጣል ነበር፤ መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ የሚያነሣና በሜሞሪ ዘፈን የሚጭን ወጣት ነው። ከትምህርት ቤት ስንለቀቅ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እዚያች ጠባብ ቤት ይታጨቃል። የጋለ ወረቀትና የቀለም ሽታዋ አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ሁለት ተጋጣሚዎች ስልኮቻቸውን የኮፒ ማሽኑ ክዳን ላይ ጎን ለጎን አድርገው በብሉቱዝ ያገናኛሉ፤ ሌላው በትከሻቸው ላይ ተንጠራርቶ ያያል፣ ይጮኻል፣ ይፈርዳል። ቤቱ አንድ ሕግ ነበረው። የተሸነፈ ሰው አውሬውን በገዛ ጣቱ ያጠፋል።

ያ ሕግ በጥቅምት ወር ደረሰብኝ። የመጀመሪያዬ አውሬ አረንጓዴ እንሽላሊት ነበር። ቤታችን አምስት ልጆች ነን፣ እናቴ ዳቦ ስትቆርስ ለአንዳችን አድልታ አታውቅም፤ እኔም የእንሽላሊቴን ምግብ እንደዚያው አካፈልኩት። ለጉልበቱም፣ ለፍጥነቱም፣ ለቆዳው ጥንካሬም፣ ለምትሃቱም እኩል እኩል። ፍትሐዊ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። አሥረኛ ክፍል የሚማረው አንዷለም ነጎድጓድ የሚባል ድብ የሚያህል አውሬ ነበረው፤ አንዴ በጥፊ ሲለው እንሽላሊቴ አለቀ። ማጥፊያውን ስጫን ስልኩ «እርግጠኛ ነሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። እርግጠኛ አልነበርኩም፤ ግን ሁሉም እያዩኝ ነበርና ተጫንኩት። ቤት ገብቼ ሳለቅስ እናቴ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!» ብላ ሳቀችብኝ።

በማግሥቱ ይበልጣል አዘነልኝና ወንበር ሰጥቶ አስቀመጠኝ። «ስሚ የዝና፣ ሁሉን የሚችል አውሬ የለም» አለኝ። «በቀንዱ ለሚዋጋ ምትሃት ምን ያደርግለታል? በአካሉ የሚመታ ከሆነ የሚመታበትን ብቻ አሳድጊለት። የቀረውን ተይው።» አዲስ አውሬ ስመርጥ ያንን ምክር ይዤ ነበር። አመድማ መልክ ያለው፣ ትከሻው ሰፊ፣ ቀንዱ ወደ ፊት የወጣ አንድ ኮርማ አገኘሁ። ጨዋታው የሰጠው የእንግሊዝኛ ስም ለአፌ አልተመቸኝምና በመልኩ ዳለቻ አልኩት። ጠባዩን የሚገልጸው መስመር «ቁጡ» ይላል፤ ቁጡ አውሬ በተፈጥሮው ይመታል፣ ምትሃት ግን አይሆንለትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለምትሃቱ አንዲት ጉርሻ አልሰጠሁትም። ጉልበት የሚጨምረው አጥንት ያለው ቀይ ሥጋ ነው። ፍጥነት የሚጨምረው ቢጫ እሸት ነው፤ እኛ ገብስ እንለዋለን። አውሬ በቀን ሦስቴ ብቻ ይበላል፤ ደግሞም አድጎ አድጎ ልኩ ሲሞላ ምንም ብትሰጪው አይጨምርም። ስለዚህ እያንዳንዷ ጉርሻ ዋጋ አላት። ከጥቅምት እስከ ጥር ሥጋ በሥጋ አደረግኩት፤ ትከሻው ሲሞላ በዓይኔ አየሁት።

ከዚያ ጾመ ነነዌ መጣ። ሰንበት ትምህርት ቤት መምህራችን የነነዌን ሰዎች ታሪክ ሲነግሩን ሰው ብቻ ሳይሆን ከብቱም ሁሉ እንደጾመ አስረዱን። ሌላው ልጅ ሰምቶ ወደ ጨዋታው ሄደ፤ እኔ ግን ነገሩ ልቤ ውስጥ ገባ። የነነዌ ከብት ከጾመ የኔ ዳለቻ ምን ቤት ሆኖ ነው የማይጾመው? ያን ዓመት ሁዳዴን ሳላጓድል ለመጾም ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቆሜ በዳለቻም ስም ጨመርኩ። ሁዳዴ ሲገባ ሥጋውን ጨዋታው ምግብ የሚያስቀምጥበት ከረጢት ውስጥ ዘጋሁበት። ጠዋት ገብስ፣ ቀን ገብስ፣ ማታ ገብስ። እኔ በሽሮና በተልባ፣ እሱ በእሸቱ፣ አብረን ጾምን። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ጓደኛ ያገኘሁ ያህል።

ደስታዬን ያጠፋው አንዷለም ነው። በጾሙ አጋማሽ፣ ሰው በሞላበት፣ «ያቺ እንሽላሊቷን ያጠፋችው ልጅ በሬ አመጣች አሉ፤ በሆሣዕና ዋዜማ ትምጣና ትሞክረን» አለ። እምቢ ማለት ይቻል ነበር፤ እኔ ግን «እመጣለሁ» አልኩ። ነጎድጓድ በየቀኑ ሦስቴ ሥጋ እንደሚበላ የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። ልጆቹ የዳለቻን መጾም ሲሰሙ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ። ይበልጣል እንኳ ራሱን ያዘና «የዝና፣ አውሬ እኮ ነፍስ የለውም፤ ምን ያጾመዋል?» አለኝ። ከረጢቴ ያልተበላ ሥጋ ሞልቶበታል። አንድ ሳምንት ሲቀረኝ በየቀኑ ከፍቼ አየዋለሁ፣ እዘጋዋለሁ። ከተሸነፍኩ ዳለቻን በጣቴ ላጠፋው ነው። ቃሌን ካፈረስኩ ደግሞ ማን አየብኝ? ግን እኔ አውቀዋለሁ። ምግብ እምቢ አለኝ፤ እናቴ ጾሙ የከበደኝ መስሏት «ልጅ ነሽ፣ ይቅርብሽ» ማለት ጀመረች።

በዚያ ሳምንት አያ አዝመራው፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ከደብረ ኤልያስ ለዓይናቸው ሕክምና መጥተው እኛ ቤት ሰንብተው ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያረሱ ሰው ናቸው። አንዱ ዓይናቸው በፋሻ ታስሮ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አጠገባቸው ተቀምጬ ያንን ከረጢት እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ።

«ምንድን ነው እሱ እምትጎረጉሪው?» አሉኝ።

«በሬ ነው፣ አያ። ይዋጋል።»

ስልኩን ተቀበሉኝና ከደህናው ዓይናቸው ራቅ አድርገው ያዙት። ገበያ ላይ በሬ እንደሚያይ ሰው ከቀንድ እስከ ሸሆና አዩት። «ቀንዱ ደግ ነው» አሉ። «ትከሻውም አይከፋ። ምን ታበይዋለሽ?»

ያኔ ፈነዳሁ። እንሽላሊቱን፣ ነነዌን፣ ቃሌን፣ አንዷለምን፣ ሁሉንም እያለቀስኩ ነገርኳቸው። አልሳቁብኝም። ስጨርስ ጠየቁኝ።

«ሥጋው ምኑን ነው እሚጨምርለት?»

«ጉልበቱን።»

«ገብሱሳ?»

«ፍጥነቱን።»

«ሲገጥሙ ማን ነው ቀድሞ እሚወጋ?»

«ፈጣኑ፣ አያ።»

«እና ምን ያስለቅስሻል?» አሉ ስልኩን እየመለሱልኝ። «ኮርማ ከኮርማ ሲገጥም አይተሽ አታውቂም? ቶሎ የዞረው ነው የሌላውን ጎን እሚያገኝ። የሰባው እስኪዞር አለቀለት። ያ ልጅ ሥጋውን ነው ያየ፤ በሬ ሆይ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ማለት ለሱ ነው። ደግሞ ቃል ቃል ነው፤ ለበሬም ቢሆን።»

ከዚያ በኋላ ከረጢቱን አልከፈትኩም። ይልቅ የዳለቻን ምቶች አንድ በአንድ፣ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ፣ ማንበብ ጀመርኩ። ከታች፣ ረስቼው የኖርኩት አንድ የቀንድ ምት አለ። ተጋጣሚው ገና ሳይነሣ ከተወጋ ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል ይላል። ዳለቻ ቀርፋፋ በነበረበት ጊዜ ለምንም የማይረባ ምት ነበር። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት። ከዚያ ደብተሬ ጀርባ ላይ የፍጥነቱን ቁጥር ከጾሙ በፊት ከነበረው ጋር ጽፌ አስተያየሁት፤ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ጉልበቱ ደግሞ ያው ከጥቅምት እስከ ጥር የሠራሁለት ነው፤ የትም አልሄደም። ለማንም አልተናገርኩም።

በሆሣዕና ዋዜማ ቅዳሜ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ጢም ብሎ ነበር። ውጭ ዘንባባ የያዙ ሰዎች ያልፋሉ፤ ውስጥ አንዷለም እጁን ኪሱ ከቶ ፈገግ ይላል። ስልኮቹን ክዳኑ ላይ አደረግናቸው። የነጎድጓድ ጉልበት ሲታይ ቤቱ «ዋው!» አለ፤ የዳለቻን ሁለት እጥፍ ነበር ማለት ይቻላል። አንዷለም «ጾመኛው መጣ!» ሲል ሁሉም ሳቀ። እኔ ያቺን የተረሳች ምት ተጫንኩ።

ዳለቻ ቀደመ። ነጎድጓድ ክንዱን ሳያነሣ ቀንዱ ጎኑ ላይ ተሰካ፤ አረንጓዴው የነፍስ መስመር ከግማሽ በታች ወረደ። ሳቁ ቆመ። ከዚያ ነጎድጓድ መታ፤ የዳለቻ መስመር እየወረደ፣ እየወረደ ሄዶ ቀይ ሆነ፣ ክር አከለና ቆመ። አልሞተም! ይበልጣል ትከሻዬን ጨበጠኝ። እንደገና ያችኑ ምት ተጫንኩ፤ ዳለቻ እንደገና ቀደመ። ነጎድጓድ በግንባሩ ተደፋ። የሰፈሩ ልጆች ያደረጉት ጩኸት መናኸሪያው ድረስ ተሰምቶ አንድ ረዳት ጠብ ያለ መስሎት ሮጦ መጣ። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። ፈተና አልፌያለሁ፣ ተመርቄያለሁ፣ ሥራ ይዣለሁ፤ የዚያን ቀን ያህል ቁመቴ የረዘመ መስሎኝ አያውቅም።

አንዷለም ቃሉን የሚበላ ልጅ አልነበረም። ማንም ሳያስታውሰው ስልኩን አነሣና ማጥፊያውን ነካ። «እርግጠኛ ነህ?» የሚለው ጥያቄ ሲወጣ አየሁት። ጆሮው ቀልቶ ነበር። ከጥቅምት ጀምሮ ስመኘው የኖርኩት ይህን ነበር፤ አሁን ግን አውሬን በቀን ሦስቴ ማብላት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሳላስበው «ተወው አንዷለም» አልኩት። «ጾም ነው፣ ደም አይፍሰስ።» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ከሁሉም በላይ የሳቀው ራሱ አንዷለም ነው። ይበልጣል ሕጉ እስከ ፋሲካ ድረስ ታግዷል ብሎ አወጀ። ከፋሲካ በኋላ ያስታወሰው ሰው አልነበረም፤ አንዷለም ግን ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «ጾመኛዋ!» ነው የሚለኝ።

በፋሲካ ጠዋት እኛ ዶሮውን ከበን ስንቀመጥ እኔ አንድ እጄን ከገበታው ሥር አድርጌ ከረጢቱን ከፈትኩና ለዳለቻ አንድ ሥጋ ሰጠሁት። ልኩ በጾሙ ገብስ ሞልቶ ስለነበር ለጉልበቱ የጨመረለት ነገር የለም። ግን አብሮኝ ጾሞ ሳይፈስክ መዋል የለበትም። እናቴ አየችኝ፤ እቆጣለሁ ብላ ስትጀምር ለበዓሉ እኛው ዘንድ የቆዩት አያ አዝመራው «ተያት፣ እሱም ጿሚ ነው» አሏት። ዛሬም ስደውልላቸው ስለ ሥራዬ ከመጠየቃቸው በፊት «በሬውሳ፣ ደህና ነው?» ይሉኛል።

ሕሊና ታሪኩን ስትሰማ ስልኳን ካስቀመጠች ቆይታለች። እሷ ሁሉን ነገር ታውቃለች፤ የትኛው አውሬ ምን ቢበላ እንደሚሻል በቪዲዮ ታያለች፣ የማታውቀውን ኢንተርኔት ይነግራታል። ተጋጣሚዋ ሲሸነፍ ጆሮው ይቅላ አይቅላ ግን አታይም። እኔ ሁሉን ያወቅኩት በሽንፈትና በእንባ፣ አንድ ዓይናቸው በታሰረ ገበሬ ምክር ነው። አልቀናባትም፤ ትንሽ ግን አዝንላታለሁ።

ስልኩ በርቶ ደወለ። ሁለታችንም ጎንበስ አልን። በተሰነጠቀው መስታወት ሥር ዳለቻ ቆሟል፤ ቀንዱ ወደ ፊት፣ ትከሻው ሰፊ፣ እንደተውኩት። ከራሱ በላይ «ተርቧል» የሚል ጽሑፍ ብልጭ ድርግም ይላል። ሕሊና ጮኸችና ቀድማኝ ከረጢቱን ከፈተችው። ያ የሁዳዴ ሥጋ ሁሉ አሁንም እዚያው አለ። ጣቷን ሥጋው ላይ ልታሳርፍ ስትል እጇን ያዝኳት።

«ዛሬ ረቡዕ ነው» አልኳት።

ቀና ብላ ዓይኔን አየች፤ እየቀለድኩ እንዳልሆነ ገባት። ከዚያ ጣቷን ቀስ ብላ አሻገረችና ገብሱን ሰጠችው።