እግራቸውን ያላሳዩን አሰልጣኝ

እግሬ መድማቱን ያወቅሁት ወለሉን አይቼ ነው። ሰንበቴ ገበያ ጨርቅ ሸጬ ከሚሴ ቤቴ ስገባ፣ ሲሚንቶው ላይ ከበሩ እስከ አልጋው ድረስ ቀይ ነጠብጣብ አየሁ። ጫማዬን ሳወልቅ የግራር እሾህ ሶሉን በስቶ፣ ከጣቶቼ ሥር ውስጥ እግሬ ላይ ተሰክቷል። አላመመኝም። ምንም አልተሰማኝም። ስኳር እንዳለብኝ ካወቅሁ ቆይቻለሁ፤ ጥማቱንም የሽንቱን መመላለስም ለምጄዋለሁ። ይህን ግን አላውቀውም ነበር። እሾሁን እያየሁ ቁጭ እንዳልኩ ቲቸር ኡመር ትዝ አሉኝ፤ ያን ጊዜ ፈራሁ።

ቲቸር ኡመር የስፖርት መምህራችንና የሴት ልጆች ሩጫ ቡድን አሰልጣኝ ነበሩ። ያኔ ደህና ጫማ ያላት ጥቂት ናት፤ ሜዳው ደግሞ እሾህና የጠርሙስ ስባሪ አያጣም። ስለዚህ ልምምድ ከመጀመራችን በፊት ጥንድ ጥንድ ሆነን እንቀመጥና አንዷ የሌላዋን ውስጥ እግር ታያለች። ሕጋቸው ነው፤ እግሯን ያላሳየች አትሮጥም። የከተማው ሰው ሰምቶ ሳቀባቸው፣ “የእግር ሐኪም” ብሎም ስም አወጣላቸው። እሳቸው ግን አልተቀየሙም፤ እንዲያውም ደስ ያላቸው ይመስለኛል። ቁጥራችን ጎዶሎ ስለነበር እኔ ጥንድ አልነበረኝም። የኔን የሚያዩት ራሳቸው ናቸው። ሳይነኩኝ ጎንበስ ብለው፣ ዓይናቸውን አጥብበው ያዩና “ነጋያ ነው፣ ሂጂ” ይሉኛል። ሰላም ነው፣ ደህና ነው ማለታቸው ነው። የሳቸውን እግር ግን ያየ አልነበረም። አሰልጣኝን ማን እግርህን አሳየኝ ይለዋል?

ትምህርቴን ጨርሼ ንግድ ከጀመርኩ በኋላ፣ ቲቸር ከልጆቹ ጎን መሮጥ ትተው ሜዳው ዳር ቆመው ፊሽካ ብቻ ይነፋሉ ሲባል ሰማሁ። እርጅና መሰለን። ስኳር እንዳለባቸው ያውቁ ኖሯል፤ ለሚስታቸው ለመዲና እንኳ አልነገሩም። እግራቸው ሲደነዝዝ ድካም ነው ብለው፣ እንደ ሀገራችን ልማድ ሙቅ ውኃ በጨው አድርገው ይነክሩት ነበር። የውኃው ሙቀት አልተሰማቸውም። ተቃጠሉ። ቁስሉን በካልሲ ሸፍነው ማስተማራቸውን ቀጠሉ። መዲና ያወቀችው ቁስሉ መሽተት ሲጀምር ነው።

ደሴ ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅኋቸው። እግራቸው ጠቁሯል። ሐኪሙ ጋንግሪን ነው አለ። ከጉልበት በታች መቆረጥ አለበት፣ ዛሬውኑ። እምቢ አሉ። የልጆቹ ውድድር ይለፍ አሉ። መዲና አለቀሰች። ለመንኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ልወጣ ስል ግን ጠሩኝ።

“አሁን ያንቺን ማን ያይልሻል?”

ደህና ነኝ፣ አያስቡ አልኳቸው። ያኔ ጤነኛ ነበርኩ።

በመጨረሻ እሺ አሉ። ረፍዶ ነበር። መርዙ ደማቸው ውስጥ ገብቷል፤ ሴፕሲስ ይሉታል። አላህ ይዘንላቸው። ከሚሴ ሲቀበሩ፣ እሳቸው ያሠለጠኑን ሴቶች ልጆቻችንን አዝለን ከሩቅ ቆመን አየን። እወዳቸዋለሁ። እስከ ዛሬም ተናድጄባቸዋለሁ። የሰውን ልጅ እግር ሁሉ እያዩ የራሳቸውን የደበቁ ሰው!

እሾሁ በወጋኝ ማግስት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ቁስሉ ታጠበ፣ ታሰረ፣ አንቲባዮቲክ ተሰጠኝ። ስኳሬ ግን አልወርድ አለ። ቁስሉ አልደርቅ አለ። እግሬ አበጠ። ባለቤቴ በሚኒባስ ደሴ ወሰደኝ፤ ያው ሆስፒታል።

እዚያ ቲቸር መጡ። ከሰዓት በኋላ፣ የአስር ሰላት ሲደርስ፣ ፀሐይዋ በመስኮት ስትገባ፣ ከአልጋዬ ግርጌ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ፊሽካው አንገታቸው ላይ ነው። ጫማቸውን አላወለቁም። እግሬን ያያሉ። ነጋያ አይሉም። ለነርሷ ስነግራት ትኩሳት ነው፣ አብሽሪ አለችኝ። ትኩሳቱ ወረደ። እሳቸው አልሄዱም።

ሐኪሟ ወጣት ናት። እንዲህ አለችኝ፦ “እህቴ፣ ኢንፌክሽኑ የሁለቱ ጣቶችሽ አጥንት ውስጥ ገብቷል። አሁን ካላነሳናቸው እግርሽን እናጣዋለን።”

ባለቤቴ እንማከር አለ። እኔ ወደ ግርጌ አየሁ። እሺ አልኩ። ዛሬውኑ።

ሁለት ጣት ሄደ፤ እግሬ ቀረ፣ አልሐምዱሊላህ። በክራንች መራመድ ስጀምር ድክ ድክ የምል ሕፃን ይመስል ሁሉም ይደግፈኝ ነበር፤ ኢንሱሊን ራሴን መውጋት ያስተማረችኝ ያቺው አብሽሪ ያለችኝ ነርስ ናት፤ ወደ ቤት ስንመለስም የጨፋ ሜዳ ማሽላ ዘለላ አውጥቶ፣ ከብቱ በቦርከና ወንዝ ዳር ተሰማርቶ ሳይ፣ አይቼው የማላውቅ አገር ይመስል በመስኮቱ ላይ ተለጥፌ ቀረሁ። ዛሬ ጫፉ ሰፊ የሆነ ጫማ አድርጌ እንደገና ሰንበቴ እወርዳለሁ፤ ደንበኞቼ አካሄዴን አይተው ዳክዬ ይሉኛል፣ እኔም ዋጋ እጨምርባቸዋለሁ።

ስኳር ያለባችሁ ወንድም እህቶቼ፣ ሐኪም ይህን ይነግራችኋል፤ እኔም ልድገመው። እግራችሁን ሙቅ ውኃ ውስጥ አትንከሩ፤ ውኃውን በክርን ለኩት፣ ክርን አይዋሽም። ጫማችሁን ሳታራግፉ አታጥልቁ። ሳያማችሁ ቆሰላችሁ ማለት ቀላል ነው ማለት አይደለም፤ የሚያስፈራው እሱ ነው። ሕመማችሁን ለቤተሰብ አትደብቁ። ከሁሉ በላይ እግራችሁን የሚያይ ሰው ያዙ። ውስጥ እግር ለባለቤቱ አይታይም።

የኔን ባለቤቴ ያየዋል፤ አላህ ዕድሜውን ያርዝምልኝ። ከማለዳው የሱብሒ ሰላት በኋላ መስኮቱ አጠገብ እንቀመጣለን። ጣት የጎደለበትን ቦታ ሳይሸማቀቅ ያይና “ነጋያ” ይለኛል፤ ቃሉን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በተራዬ የሱን አያለሁ። ስኳር የለበትም፤ ቢሆንም አያለሁ።

ስንጨርስ እሳቸው በሩ አጠገብ ቆመው አገኛቸዋለሁ፤ አሁንም ጫማቸውን አላወለቁም። ባለቤቴ አያያቸውም። ድሮ እፈራቸው ነበር፤ አሁን ግን ጥንድ ያጡ ይመስለኛል። ከአጠገቤ ያለውን ምንጣፍ በእጄ አስተካክልና በልቤ እላቸዋለሁ፦

“ቲቸር፣ ይቀመጡ። ያውልቁት፣ ልየው።”