አዲሎ ላይ የሰማሁት ሞተር

የልጄ ልጅ ኤርሚያስ ባለፈው ቅዳሜ ከአዲስ አበባ በኤሌክትሪክ መኪና መጥቶ በድንጋጤ ሊገድለኝ ነበር። እዚህ ሆሳዕና ግቢዬ ውስጥ ሰሌን ዘርግቼ፣ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ በርበሬ ስቀነጥስ ቀና ብል አንድ ነጭ ነገር ከኋላዬ ቆሟል። በእርጅናዬ ሌባ ሆነህ ነው እንዴ ተደብቀህ የምትገባው ብዬ ሰደብኩት። እሱ ጥሩምባውን ከበሩ ጀምሮ እየነፋ እንደገባ ይምላል፣ ጎረቤቴ አስቴርም ከአጥሩ ማዶ እኔም ሰምቻለሁ ትላለች። የአስቴር ጆሮ መቼም የሰው ቤት ወሬ ለመልቀም የተፈጠረ ነው፣ ጥሩምባ እንዴት ያመልጠዋል።

በል ሞተሩን አሳየኝ አልኩት። ኮፈኑን ሲከፍተው ባዶ ነው፤ ሻንጣ ማስቀመጫ ነው አለኝ። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን ጣል አደረግኩበት፣ ልጁ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ቤንዚን የለ፣ የጋለ ዘይት የለ፣ አዲስ ሶፋ ነው የሚሸተው። እንግዲህ ያ የታጣው ሽታ ነው አባዬን ጎትቶ ያመጣብኝ።

አባዬ መካኒክ ነበር። ጋራዡ ማለት ከቤታችን ፊት ለፊት ዋንዛ ሥር ያለ፣ ዘይት ጠጥቶ የጠቆረ መሬት ነው፤ ከኋላው የእናቴ እንሰት ይጀምራል፣ እናቴም ቆጮዬ ቤንዚን ቤንዚን አለ፣ አንድ ቀን ክብሪት ሲጫር ከነእንግዳው ይነዳል እያለች ስትነጫነጭ ትውላለች። ወንድሞቼ ትምህርት ቤት ሲላኩ እኔ ሴቷ ቤት ቀረሁ፣ እናቴ ጓዳ ትፈልገኛለች፣ እኔ ሾልኬ ዋንዛው ሥር ነኝ። አባዬም አላባረረኝም፣ እንዲያውም ሥራ ሰጠኝ፤ መኪናው ውስጥ ገብቼ፣ እግሬ ስለማይደርስ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተንሸራትቼ፣ ስጪ ሲለኝ ነዳጅ መስጫውን መርገጥ፣ በቃ ሲለኝ መልቀቅ። ከሰፈሩ ልጆች ሁሉ ሹፌር እኔ ብቻ ነበርኩ፣ መኪናው ባይሄድም።

ያ ሥራ እሳት ማስተካከል ነው። ሞተር ውስጥ ካንዴላ የሚባል እሳት የሚተፋ ነገር አለ፤ እሳቱ ቤንዚኑን ልክ በሰዓቱ ካላገኘው መኪናው ይታመማል። ከዘገየ ሰነፍ ይሆናል፣ ይግላል፣ ከኋላ ቱፍ ቱፍ ይላል። ከቀደመ ግን ይብሳል፣ ጣሳ ውስጥ ጠጠር እንደሚናወጥ ክንክንክን እያለ ራሱን ይበላል። አባዬ እሳቱን የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቡተር ፈታ አድርጎ በጣቱ ፀጉር ታህል ወደዚህ፣ ፀጉር ታህል ወደዚያ ያዞረዋል፣ ካቻቢቴውን አንድ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ሥር ያለው አጥንት ላይ ተክሎ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። እኔ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳላውቀው ጆሮ አወጣሁ። ሌላው ሕፃን ተረት ሲሰማ እኔ ክንክንክን ስሰማ አደግኩ።

የአባዬ ጆሮ እየሄደ እንደሆነ ከእኔ በፊት የነቃ የለም። ቤተ ክርስቲያን መዝሙሩ አልቆ ፓስተሩ እንጸልይ ሲል አባዬ አንዷን መስመር ብቻውን ይዘልቃታል፣ ሰው መንፈስ ነክቶት ነው ይላል፣ እናቴ በክርኗ ጎኑን ትወጋዋለች። እኔ ግን ዋንዛው ሥር፣ ሞተሩ ክንክንክን እያለ አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ ልክ ነው ብሎ ራሱን ሲነቀንቅ አየሁት። ደንበኛው አጠገቡ ቆሟል፣ ምን ልበል። እጄን በመስኮት አወጣሁና ጨበጥኩ። አባዬ ዓይኑን ሲገልጥ እጄን አየ፣ ፀጉር ታህል መለሰው፣ ክንክንታው ጠፋ፣ እጄን ሰበሰብኩ።

ከዚያ በኋላ እንዲሁ ሆነ። እሳቱ ሲቀድም እጨብጣለሁ፣ ሲዘገይ መዳፌን እዘረጋለሁ፣ ልክ ሲሆን እጄን ወደ ውስጥ አስገባለሁ። ሰው የሚያየው ልጅ በመስኮት እጇን አውጥታ ስትጫወት ነው። አባዬና እኔ ስለዚህ ነገር አንድ ቀን እንኳ አልተነጋገርንም፤ ቀን አብረን እንሠራለን፣ ማታ ምንም እንዳልሆነ እራት እንበላለን።

በኋላ ጋሽ ተፈራ የሚባል የቆዳ ነጋዴ አንድ ጉደኛ የጃፓን መኪና አመጣ። አገሩን ለቆ ከሚሄድ ፈረንጅ አዲስ አበባ ላይ ገዝቷት፣ የነካት መካኒክ ሁሉ ፈርቶ ኮፈኗን ዘግቶባታል። የሌላው መኪና ሞተር ወደ ላይ ወደ ታች ይመታል፣ የእሷ ሆድ ውስጥ ግን ሦስት ማዕዘን ያለው ነገር ነው የሚሽከረከረው። ስትቆም ዱብ ዱብ ዱብ ትላለች፣ ነዳጅ ስሰጣት ቀፎው እንደተነካ ንብ ትሆናለች። ደሞ ዲስትሪቡተሯ ሁለት ነው፣ እሳቷም ሁለት፤ ፊተኛው ይለኩሳል፣ ኋለኛው ትንሽ ቆይቶ ተከትሎ የቀረውን ያቃጥላል። አባዬ በጣም ወደዳት። ፊተኛው እሳት እኔ ነኝ፣ ኋለኛው አንቺ ነሽ ይለኝ ነበር፣ ይቺ ብቻ ናት ስለ እጄ የተናገረው ነገር ብዬ እቆጥራታለሁ። ሁለቱንም ማስማማት ቀኑን ሙሉ ፈጀብን፣ እግሬ ደንዝዞ ስወርድ ወደቅኩ፣ ግን ጋሽ ተፈራ ጃጁራ ገበያ ደርሶ ሲመለስ ፊቱ ሙሽራ መስሎ ነበር። ብልሽት በጀመራት ቁጥር እኛ ጋ ትመጣለች፣ እኔም ገና ሳትደርስ ከሩቅ ሕመሟን አውቀዋለሁ።

ጡት ማጎጥጎጥ ስጀምር አዲሎ ከምትባል ከተማ ሽማግሌዎች ሊያጩኝ መጡ። አባዬ ገና ልጅ ናት ብሎ መለሳቸው። ደግመው ሲመጡ ገብሱ ይግባ አለ፣ ገብሱ ሲገባ ጣሪያው ያፈሳል አለ። እናቴ ሴት ልጅ ጋራዥ ውስጥ ልታስረጃት ነው ወይ ብላ ተቆጣች። አባዬ ለምን እንደሚፈልገኝ ቢናገር ጆሮው እንደሌለ መናገሩ ነው፤ መስማት ለማይችል መካኒክ ደሞ ማን መኪናውን ይሰጣል። እኔም ብናገር የማዋርደው እሱን ነው። ሁለታችንም ዝም አልንና ተዳርኩ።

የወጣሁ ቀን፣ ዘፋኞቹ በር ላይ ሲጠብቁኝ፣ ጆሮው ሥር ሄጄ፣

«አባዬ፣ የጋሽ ተፈራ መኪና ስትመጣ ማን ይሰማልሃል?» አልኩት።

ትከሻዬን ይዞ ከንፈሬን አየ።

«እሰማለሁ፤ ሂጂ» አለኝ።

ጥያቄዬ ገብቶት ይሁን፣ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይቶ ዝም ብሎ ይበለው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አዲሎ የባሌ ቤት መንገድ ዳር ነው፣ መኪና ሁሉ በደጁ ያልፋል። ግን ሙሽራ ነኛ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ቅቤ እየጠጣሁ እወፍራለሁ፣ ደጅ መውጣት የለም። በእኛ አገር ደሞ ምራት የባሏን አባት ስም አትጠራም፣ ስሙ በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምር ነገርም ሁሉ ከአፏ አይወጣም። የአማቴን ስም ዛሬም አልነግራችሁም፣ ግን በ«ሞ» ነው የሚጀምረው። ስለዚህ ያኔ፣ እንደ ዛሬው አፌ ሳይፈታ፣ የመካኒክ ልጅ ሆዬ ሞተር ማለት ተከለከልኩ። ያ የሚጮኸው እላለሁ፣ ባሌ ይስቅብኛል።

አንድ ቀን ቀትር ላይ የጋሽ ተፈራ መኪና መጣች። ንቧን ከሩቅ ለየኋት፣ ልቤ በደስታ ዘለለ፣ ቀረብ ስትል ግን በንቡ መሃል ጠጠሩ አለ። ክንክንክን። እሳቱ ቀድሟል። አባዬ ብቻውን እንደነካት በዚያው አወቅኩ። ጋሽ ተፈራ ቆዳ ጭኖ ወደ ዱራሜ ነው፣ ፊቱ ዳገት ነው፣ እንደዚያ ሆና ዳገት ከያዘች ሆዷ ይሰባበራል። ተነስቼ መጋረጃውን ገለጥኩ፣ አማቴ፣ የባሌ እናት፣ በሁለት እጇ ያዘችኝ። ሰውዬውን አስቁሙት፣ ያ የሚጮኸው ታሟል አልኳት፣ ያ የሚጮኸው። እሷ ደሞ የታመምኩት እኔ መስዬአት፣ አይዞሽ ልጄ ቅቤው በዝቶብሽ ነው ብላ ግንባሬን በውሃ ታብሰኛለች። ሞተር ብዬ ብጮህ ኖሮ ምን እሆን ነበር ብላችሁ ጠይቁኝ፤ ነውር ይሆን ነበር፣ ሌላ ምን። አልጮህኩም። ድምፁ ዳገቱን ያዘ፣ ቀጠነ፣ ቀጠነና ተቆረጠ።

ጋሽ ተፈራ ደግ ሰው ነው፣ በኋላ ሳገኘው አሮጌ ነበረች ቀኗ ደረሰ እንጂ አባትሽ አላጠፋም ብሎ ነገረኝ። ግን ያቺ መኪና ከዚያ ወዲህ አልተነሳችም፣ ወሬውም ሆሳዕና ገባ፣ ዋንዛው ሥር የሚቆም መኪና አንድ በአንድ ቀረ። ወላጆቼን ልጠይቅ ስሄድ ካቻቢቴው ምሰሶ ላይ ተሰክቶ፣ አባዬ የእናቴን እንሰት ሲኮተኩት አገኘሁት። ከሥራው ተነስቶ አጠገቤ ተቀመጠ፣ በመንገዱ አንድ መኪና አለፈ፣ አባዬ መኪናውን አላየም፣ እጄን ነው ያየው። ያለፈው መኪና ደህና ነበር፣ እሳቱ ልክ ነበር፣ እጄን ሰብሰብ ባደርግለት በበቃው ነበር። እኔ ግን አፍሬ ነው መሰለኝ፣ ወይ እንዳላለቅስ ነው፣ ነጠላዬ ውስጥ ደበቅኩት። ልክ ነው ያልኩት መሰለውም አልመሰለውም፣ ዓይኑን መለሰ። ብዙ ዓመት ኖረ ከዚያ በኋላ፣ ያቺን እጅ ግን ሁለተኛ አልፈለጋትም።

እና ኤርሚያስ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሊሄድ ተነሳ። መኪናው ውስጥ ገብቶ፣ መስኮቱን አውርዶ አንድ ነገር አለኝ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ዳቦውን ያዝኩ ይሁን፣ መድኃኒትሽን ዋጪ ይሁን፣ እንጃ። ፊቱ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ሆኖ ቆየ።

«እሰማለሁ፤ ሂድ» አልኩት።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የማን ቃል እንደሆነ የገባኝ። ልጁ ደስ ብሎት እጁን በመስኮት አውጥቶ እያውለበለበ ከበሩ ወጣ፣ እኔም እጄን አነሳሁ፣ ጨበጥኩት፣ ዘረጋሁት፣ እሱ ደህና ሁን ብላኛለች ብሎ ነው የሚሄደው። መኪናው ሲወጣ ድምፅ ይኑረው አይኑረው አስቴርን ልጠይቃት ብዬ እስከ አጥሩ ሄድኩ። በክፍተቱ እያየችኝ ነበር። ስለ በርበሬ አወራኋትና ተመለስኩ።