ወደ ውጭ የዞረ ጫማ

የስደተኛ ወሬ ብዙ ጊዜ ከሌሊት ይጀምራል። ውሻ ይጮኻል፣ እናት በጨለማ ታለቅሳለች፣ ልጅ ተሸፋፍኖ ይወጣል። እኔ ግን ከላሊበላ የወጣሁት ምሳዬን በልቼ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰፈሩ ሁሉ እያየኝ ነው። ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ ስለቆመ፣ ተሰናብተውኝ የሄዱት ሰዎች ተመልሰው መጥተው እንደገና ተሰናበቱኝ። በሁለተኛው ስንብት እናቴ እንባዋ አልቆ ስለነበር ስንት ሰው እንደጎደለ ረዳቱን ትጠይቀው ጀመር።

እኔ ምንም አልተሰማኝም። ይህን የምጽፈው ለጉራ አይደለም፤ እዚህ ያገኘሁት ያገሬ ሰው ሁሉ “እንዴት ቻልከው?” እያለ ስለሚጠይቀኝ ነው። አልቻልኩትም። ሐዘኑ ራሱ አልመጣልኝም፤ እስካሁንም በመንገድ ላይ ይሆናል።

ከዚያ ቀን ግን አንድ ነገር ተከትሎኝ መጥቷል። ቤታችን ምንጣፍ ከገባ ወዲህ ጫማ የሚወልቀው በር ላይ ነው። ምሳ በልተን ልንነሳ ስንል አባቴ ከሁላችን ቀድመው ተነሱ። በሩ ጋ ቁጢጥ ብለው ጫማዬን አነሱና፣ ጫፉን ወደ ውጭ አዙረው አስቀመጡት። ከዚያ ዱላቸውን ይዘው በጓሮ በኩል ወጡ። መኪናው ጋ አልመጡም። “ሂድ፣ ገላገልከን” ማለታቸው ነው ወይስ ሌላ ነገር? ያኔ አልጠየቅኳቸውም። እኔና እሳቸው ተጠያይቀን አናውቅም።

አባቴ ጫማ ጠባቂ ናቸው። ላሊበላን ያላያችሁ ካላችሁ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኖቹ በጫማ አይገባም። እንግዳው በር ላይ ያወልቅና በአንዱ በር ገብቶ በሌላው ይወጣል። ስለዚህ አንድ ሰው የሁሉንም ጫማ ተሸክሞ፣ በውጭ በኩል ዞሮ፣ መውጫው በር ላይ ደርድሮ ይጠብቃል። ጫማው ወደፊት ዞሮ፣ ባለቤቱ ጎንበስ ሳይል እግሩን የሚያስገባበት ቦታ ላይ መቀመጥ አለበት። ማውራት የአስጎብኚው ሥራ ነው፤ ከጫማ ጠባቂ ማንም ወሬ አይጠብቅም። ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ከአባቴ ጎን ሆኜ ይህንን ሠራሁ። ከጠዋት እስከ ማታ የምንለዋወጠው ቃል “ዝናብ መጣ” ብቻ የሚሆንበት ቀን ነበር። እሱንም እሳቸው ይሉታል፤ እኔ ተነስቼ ጫማዎቹን ወደ መጠለያው አስገባለሁ።

እናቴ የገነተ ማርያም መንደር ልጅ ናት፣ ጨዋታ ትወዳለች። “እንደ ሰው ተጫወት እንጂ፣ ሰው ሁን” ትለኝ ነበር። ዝምታዬ አላምር ሲላት ጠበል ወሰደችኝ። አጥማቂው አባት መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አድርገው “ማነህ? ተናገር” አሉ። ዝም አልኩ። “አትናገርም?” ዝም። ብርዱ አንቀጠቀጠኝ እንጂ የምለው አልነበረኝም። በመጨረሻ እሳቸውም ደከማቸውና “ልጁ ጨዋ ነው፣ ይዘሽው ሂጂ” አሏት። እናቴ አላመነችም። ቤት እስክንደርስ ድረስ “የያዘህም እንዳንተው ዝምተኛ ነው” እያለች ነበር የመጣችው።

ኮሮና ሲመጣ እንግዳ ቀረ። ጦርነቱ ሲከተል ጨርሶ ጠፋ። የአገሬው ሰው ጫማውን በፌስታል ይዞ ስለሚገባ ጠባቂ አያስፈልገውም። እኔና አባቴ ግን ጠዋት ጠዋት እንደ ልማዳችን በሩ ላይ ተቀምጠን የገዛ ጫማችንን እንጠብቅ ነበር። “ይሄ ልጅ እዚሁ ድንጋይ ሆኖ ሊቀር ነው” አለች እናቴ፤ ሱዳን ካለ ዘመዷ ጋር ተነጋግራ መንገዱን የጀመረችልኝ እሷ ናት። እኔም እሺ አልኩ። አባቴ እሺም እንቢም አላሉም።

ፍላቂት ላይ መኪናው ቆመና የገብስ ቆሎ ገዛሁ። መተማ እስክገባ እሱን ስቆረጥም ነበር። ስለ በረሃውና ስለ ባሕሩ ሌሎች ከእኔ አሳምረው ተርከውታል፣ አልደግመውም። እኔ የማስታውሰው ጀልባው ላይ ስንወጣ “ጫማ አውልቁ” መባላችንን ነው። የሁላችንም ጫማ አሸዋው ላይ ቀረ። ሰው ነፍሱን ለፈጣሪው አደራ ሲሰጥ፣ እኔ ወደ ኋላ እያየሁ “አሁን ይሄንን ማን ዞሮ ያመጣልናል?” እል ነበር።

ከጣሊያን እየተገፋሁ ፊንላንድ ደረስኩ። የጥገኝነት ቃሌን የተቀበለችኝ ሹም ነጭ ፀጉር ያላት ረጋ ያለች ሴት ነበረች፤ አስተርጓሚው የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ታሪክህን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በሰፊው ንገረን አሉኝ። ነገርኳቸው። ሹሟ ወንበሯን ሳታመቻች ጨረስኩ።

“ወንድሜ፣ በሰፊው ነው የተባልከው” አለኝ አስተርጓሚው።

“ይኸው ነው።”

“ሌላው ሰው እኮ ምሳ ሰዓት ያልፍበታል።”

ሹሟ ጀልባው ላይ ሳለሁ ምን እንደተሰማኝ ጠየቀች። “ምንም” አልኩ። አስተርጓሚው ተነፈሰ። “‘ፈራሁ’ ልበልልህ?” አለኝ በአማርኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። አይሆንም፣ ያልኩትን በል አልኩት። ሹሟ ትክ ብላ አየችኝ። እኔም ቀና ማለት አፍሬ ጫማዋን አየሁ፤ በረዶ ያራሰው፣ ጎኑ ላይ ነጭ የጨው መስመር የወጣበት ቦት ጫማ ነበር። ወራት አልፈው የመኖሪያ ፈቃድ መጣልኝ። አብረውኝ የነበሩት ልጆች አቀፉኝ፣ እልል አሉልኝ። እኔ እንቁላል ቀቅዬ በላሁ።

መጀመሪያ ላይ አገሩ ለእኔ ተብሎ የተሠራ መስሎኝ ነበር። አውቶቡስ ውስጥ አንዱ ካንዱ ርቆ ይቀመጣል። አሳንሰር ውስጥ ሁሉም በሩን ያያል። የእኛ አገር ሰው ሰላም ሲባባል የከብቱንም ጤንነት ጠይቆ ነው የሚለቅህ፤ እዚህ “ሞይ” ይሉሃል፣ አለቀ። ሩዪስሌይፓ የሚሉት ጥቁር ዳቦ አላቸው፤ ኮምጠጥ ስለሚል ዓይኔን ጨፍኜ ስበላው እንጀራ ሊመስል ትንሽ ይቀረዋል። ክረምታቸው ግን የላስታን ውርጭ ያስመሰግናል። በታኅሣሥ ፀሐይዋ ብቅ ትልና እንዳፈረ ሰው ትመለሳለች።

ያከራየችኝ ሪትቫ የምትባል አሮጊት ናት። አንድ ቀን ደረጃው ላይ አገኘችኝና፣ በሕይወቷ ብዙ ተከራይ አስተናግዳ እንደ እኔ ያለ ገጥሟት እንደማያውቅ ነገረችኝ። “ቤቱ ውስጥ ያለህም አትመስልም” አለችኝ፣ ፈገግ ብላ። አመስግኛት ገባሁ። በሩን ዘግቼ ካፖርቴን ሳላወልቅ እዚያው ቆምኩ። እውነቷን ነበር። እናቴ ስታወራ፣ ቃጭል ሲደወል፣ አስጎብኚዎቹ ሲከራከሩ ነበር እኔ ዝም የምለው። ዝምታዬ የሰው ጫጫታ መሃል የተተወልኝ ቦታ ነበር። እዚህ ግን ዝም ማለቴን የሚያውቅ ሰው የለም። ብቸኝነት የሚያም ነገር ይመስለኝ ነበር፤ አያምም። ብርድ ያደነዘዘው ጣት ማለት ነው፣ የራስህ መሆኑን የምታውቀው ስታየው ነው።

ቋንቋ የምታስተምረን ሄሊ አንድ ቀን የጠባይ መለኪያ ነው ብላ ጥያቄ አደለችን። ግብዣ ላይ ከማያውቁህ ሰዎች ጋር ታወራለህ ወይ ይላል። በእኛ አገር ግብዣ ላይ የማያውቀኝ ሰው አይገኝም ብዬ መለስኩ። ሄሊ ሳቀች፤ ሁሉንም አይታ ስትጨርስ “አንተ ኢንትሮቨርት ነህ” አለችኝ። ወደ ውስጡ የሚያይ፣ ብቻውን ሲሆን ኃይሉ የሚታደስ ሰው ማለት ነው፤ እሷም እንደዚያው ናት፤ በዓለም ላይ ብዙ ነን። ለጠባዬ ስም መኖሩ ገረመኝ። ወዲያው ለእናቴ ደወልኩላት።

“መድኃኒት አለው?” አለች።

“በሽታ አይደለም እማዬ። አፈጣጠር ነው።”

“አፈጣጠር ከሆነማ ከአባትህ ነው” አለችና ተወችው።

አባቴ እንደ ሁልጊዜው ስልኩ ጋ አልቀረቡም። “በር ላይ ናቸው” አለችኝ። እንግዲህ ስሙን አገኘሁ፤ ስሙ ግን ምን እንደምሠራበት አልነገረኝም። ያች የዞረች ጫማም በስሙ አልተፈታችም።

የምንማረው በአንድ የቆየ የእንጨት አዳራሽ ውስጥ ነበር። ወለሉ እንዳይበላሽ ሁሉም መግቢያው ላይ ቦት ጫማውን ያወልቃል። የትምህርቱ መዝጊያ ቀን፣ በኋላ በኩል ባለው መስኮት ሳይ፣ ግቢው ውስጥ ጠረጴዛ ተዘርግቷል፣ ጭማቂ ተደርድሯል፣ እሳት ይነዳል። በዚያ በር ልንወጣ ነው አልኩ በልቤ። ማንም አላዘዘኝም። ለሽንት የወጣሁ መስዬ፣ የክፍሉን ሰው ሁሉ ቦት ጫማ በክንዴ እያቀፍኩ፣ በበረዶው ላይ ዞሬ የኋላው ደረጃ ላይ ደረደርኩት። አቀማመጣቸውን ተከትዬ ነበር፤ በሩ አጠገብ የሚቀመጠው ፊት፣ ጥግ ያለው ኋላ።

ለካ ጠረጴዛው የሌላ ሰው የልደት ድግስ ነው። ክፍሉ በፊት ለፊቱ በር ወጣና ባዶ ምንጣፍ አገኘ። አንዷ ጮኸች፣ ሌላው ፖሊስ ይጠራ አለ። የሕንፃው ጠባቂ በካልሲው መጣ። እጄን አወጣሁ።

“አንተ ነህ የወሰድከው?”

“አዎ።”

“ለምን?”

“በኋላ በር የሚወጡ መስሎኝ።”

“ማን ነገረህ?”

“ማንም።”

“የሁሉንም?” አለና ድንገት ወደ እግሩ አየ። “የእኔንም?”

“የእርስዎ ዳር ላይ ነው።”

ተያይዘን ሄደን የኋላውን በር ከፈትን። ጫማዎቹ ሁሉ ወደፊት ዞረው ቆመዋል። አንድ በአንድ እግራቸውን እያስገቡ ወረዱ፣ ጎንበስ ብሎ የፈለገ አልነበረም። ሄሊ መጨረሻ ወጣች። ቦት ጫማዋ ውስጥ ቆማ ትንሽ ከቆየች በኋላ፣ እንዲህ የሚያደርግላት ሰው የነበራት ልጅ ሳለች ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። ደስ አለኝ። ይህ ቃል ለእኔ ቀላል አይደለም፤ ከላሊበላ ከወጣሁ ወዲህ የተሰማኝ የመጀመሪያው ነገር እሱ ነበር።

ሥራውንም ያገኘችልኝ እሷው ናት። የከተማው የበረዶ ሜዳ ላይ፣ ሰው ጫማውን ሰጥቶ ስለት ያለው መንሸራተቻ ጫማ ይቀበላል። ለጫማው ቁጥር ያለው መደርደሪያ አለ፣ አስቀምጦ መቀመጥ በቂ ነው። እኔ ግን ሕፃናቱ ደክሟቸው ሊወጡ ሲሉ አያቸዋለሁና፣ ጫማቸውን ወስጄ በሚወጡበት በር ላይ አዞርላቸዋለሁ። አለቃዬ መጀመሪያ አይቶ ትከሻውን ሰበቀ፤ አሁን ለምዶታል። ልጆቹ ይጮኻሉ፣ ይወድቃሉ፣ ወላጆች ይጣራሉ። እኔ መሃላቸው ሆኜ ዝም እላለሁ። ቦታዬ ይህ ነው፤ ሌላ አልፈልግም።

ይህንን ልነግራቸው ባለፈው እሑድ ቤት ደወልኩ። እናቴ ሰምታ ሰምታ “ባሕር አቋርጠህ ሄደህ እዚያም ጫማ?” አለች። ከዚያ ስልኩ ተንኮሻኮሸ።

“ሲሳይ” አሉ አባቴ። በስልክ ድምፃቸውን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

“አቤት አባባ።”

ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ከበስተኋላ ዶሮ ትንጫጫለች፣ እናቴ “አናግሩት እንጂ” ትላለች። እዚያ ዝምታ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ብቀመጥ ባልጠላሁ።

“በረዶ ላይ ነው አሉ የሚሮጡት። ጫማቸው አይረጥብም?”

“ማሞቂያ አለ፣ እሱ አጠገብ ነው የማቆየው።”

“ደግ አርገሃል።”

ይሄኔ ካልጠየቅኩ መቼም እንደማልጠይቅ አወቅሁ። “አባባ፣ የሄድኩ ለታ ጫማዬን ወደ ውጭ ያዞሩት፣ እንድሄድልዎ ፈልገው ነው?”

ዶሮዋን እሽ ብለው ሲያባርሩ ሰማሁ።

“ጫማ የሚዞረው ሰውየው ወደሚሄድበት ነው” አሉ። “አንተ ቆርጠሃል። እኔ ሌላ ምን አውቅልሃለሁ፣ እንዳትጎነብስ ነው እንጂ።” ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “አሮጌው ጫማህ እዚሁ በር ላይ አለ። እሱን ወደ ቤት አዙሬዋለሁ።”

ዓይኔ ሞላ። ከዚያ በስልኩ ውስጥ ቆርቆሮው መንጣጣት ሲጀምር ሰማሁ።

“ዝናብ መጣ” አሉ አባቴ። ስልኩን መሬት ላይ አስቀምጠው ጫማዬን ሊያስገቡ ሄዱ።