በአሥራ ሰባተኛው አልጋ ያልተጸለየው ጸሎት

እህቴ ጆምሱን አርባ ዓመት ሙሉ በደቡብ ኮሪያ፣ በሞክፖ ወደብ ዓሣ እየሰነጠቀች ስታጸዳ ኖራለች። ሽታው ከእጇ ስለማይለቅ፣ በሽተኛ ላይ እጇን ከመጫኗ በፊት ይቅርታ ትጠይቅ ነበር። እኔን ታናሽ ወንድሟን ያስተማረችኝም እሷ ናት። የቤተ ክርስቲያናችን መዝገብ ያዥ ነኝ።

አምና በመከር፣ አሥራ ሁለት ሆነን ፊሊፒንስ፣ ኢሎይሎ ሆስፒታል ለበሽተኞች ልንጸልይ ስንሄድ መርሐ ግብሩን ያወጣሁት እኔ ነበርኩ። ለአንድ አልጋ አራት ደቂቃ መደብኩ።

«አራት ደቂቃ? ሩዝ እንኳ አይበስልበትም» አለችኝ።

«አርባ አንድ አልጋ ነው፣ እትዬ።»

«እንግዲያው እግዚአብሔርንም በሰዓት ቅጠረዋ።»

አሥራ ሰባተኛው አልጋ ላይ ጉበቱን የታመመ ኔስቶር የሚባል ዓሣ አጥማጅ ተኝቷል። እህቴ ስለ እጇ ይቅርታ ስትጠይቀው አሽትቶ ሳቀ።

«የኔም እንዲሁ ነው ይላል» አለን ዳኒሎ። ዳኒሎ በእኛ ወደብ በረዶ ፋብሪካ ስድስት ዓመት የሠራ አስተርጓሚያችን ነው። «ከሴት ልጁ ጋር ከተኳረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ በጀልባ ትደርሳለች። ይቅርታ ሊጠይቃት ይፈልጋል፤ ግን ብቻውን አፉ አይፈታለትም። እሷ ባለችበት ጸልዩልኝ፣ ከዚያ እኔ እናገራለሁ ይላል።»

አውቶቡሳችን ዘጠኝ ተኩል ላይ ይነሳል። የአገሩ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ማዕድ ዘርግተው ይጠብቁናል፤ ጋባዥ ሽማግሌን ማስጠበቅ ደግሞ በእኛ ዘንድ ነውር ነው።

«እናንተ ሂዱ፣ እኔ እቀራለሁ» አለች።

«ታላቃችን አንቺ ነሽ፣ እትዬ። አንቺ ከሌለሽ ምን ይሉናል? ነገ ጠዋት እንመለሳለን።»

«ነገን ከየት አመጣኸው? መዝገብህ ላይ አለ?»

ክንዷን ያዝኩ። ተነሥታ ተከተለችኝ፤ የተማረ ሰው ቃል ታከብር ነበር።

በማግስቱ አልጋው ባዶ ነበር። ነርሷ አንሶላ እየቀየረች ነገረችን፤ ኔስቶር ሌሊት ዐርፏል፣ ልጁም አስከሬኑን ይዛ ሄዳለች።

«ልጅቷ ስትመጣ ነቅቶ ነበር?» አለች እህቴ።

«ነቅቶ ነበር። እስኪመሽ አብረው ነበሩ። ግን አልተነጋገሩም፤ እሱ በሩን በሩን ያይ ነበር።»



አገር ቤት በጻፍኩት ዘገባ አርባ አንድ በሽተኞች ተጸለየላቸው ብያለሁ።

«አርባ በለው» አለችኝ። «ለዚያ ሰው አልጸለይኩለትም።»

«ታትሟል፣ እትዬ። በሚቀጥለው ይታረማል።»

ሳይታረም በየካቲት የአንጎሏ ደም ሥር ፈንድቶ ሞተች። እስከዚያች ቀን ድረስ በየንጋቱ ጸሎት ላይ «የኔስቶር ልጅ» እያለች ትጸልይ ነበር፤ ስሟን አታውቀውም።

ከቀብሯ በኋላ ዘገባውን አርሜ ምክንያቱንም ጻፍኩበት። ከዚያ ለሆስፒታሉ ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ላክሁ፤ የልጅቱን ስምና አድራሻ ፈልጌ፣ አባትሽ ሊልሽ የፈለገው ነገር ነበር ብዬ ልነግራት። የበሽተኛ መዝገብ ለውጭ ሰው አይሰጥም ብለው መለሱልኝ። ትክክል ናቸው፤ እኔም ብሆን አልሰጥም ነበር።